አረንጓዴዋ ሽቦ

ሰኔ 4

ከሆስፒታል ከወጣሁ ስምንተኛ ቀን። ጠጅቱ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዞረችልኝ። "ቢያንስ ሰው እያየህ ትውላለህ" አለች። የማየው ሰው ይኸው… ከነጀሪካኑ። አምስት ቤት የሚቀዳባት አንዲት ቧንቧ፣ ቧንቧዋ የተደገፈችበት የላሜራ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ የበሱፍቃድ ብየዳ ቤት። ሲበይድ በግድግዳው አናት ላይ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። እሱን ሳይ ዋልኩ።

ይህ ደብተር የሥራ ደብተሬ ነበር። የማን ቤት ስንት ሶኬት፣ ስንት ሜትር ገመድ። ሠላሳ ሁለት ዓመት መብራት ስዘረጋ ጣራ ላይ ወጥቼ፣ ግንብ ላይ ተንጠልጥዬ አልወደቅኩም። ግንቦት ላይ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አንዲት አምፖል ስቀይር ወደቅኩ። ጭኔ ውስጥ አሁን ብረት አለ። ሐኪሙ "ከመስከረም በፊት እግርዎን መሬት እንዳያስነኩ" ብሎኛል። እስከዚያ ምን ይጻፋል? የጀሪካን ወረፋ?

ምሳ ምስር። ከሰዓት ዝናብ።

ሰኔ 7

ጠጅቱ ልብስ አጥባ ገባች። እጇን እያራገፈች ትስቃለች።

"ቧንቧው ነዘረኝ።"

"እንዴት አድርጎ?"

"ውርር አደረገኝ። ሁሉንም እኮ ነው የሚያደርገው። አንተ ሆስፒታል እያለህ የጀመረው ነው።"

እንዲህ ቀለል አድርጋ። ቧንቧ አይነዝርም። ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ከነዘረ ከሌላ ቦታ መብራት መጥቶበታል… ከየት?

ሰኔ 8

ከየት እንደሆነ አወቅኩ። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በሱፍቃድ ብየዳ ቤቱን ሲከፍት መብራቱን የዘረጋሁለት እኔ። የብየዳ ማሽን ሲያረጅ የውስጥ ሽቦው ይላጥና መብራቱ ወደ ውጪው ቆርቆሮ ያመልጣል። ያኔ ቆርቆሮውን የነካ ሰው አለቀለት። ለዚህ ነው ከቆርቆሮው አንድ አረንጓዴ ሽቦ ተስቦ መሬት ውስጥ የሚገባው፤ ያመለጠው መብራት ሰውን ትቶ ወደ መሬት እንዲሄድ። ኧርዝ የምንለው እሱን ነው። ደንበኛው ሥራ ዘንግ መቅበር ነው። እኔ ግን አልቀበርኩም። የግቢው ቧንቧ ከአስፋልቱ ጀምሮ የተቀበረ ወፍራም የብረት ቱቦ ነበር፤ ከየትኛውም ዘንግ ይበልጣል ብዬ ሽቦዋን እሱ ላይ አሰርኳት። በዚህ ሰፈር ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ጥሩ ሥራ ነበር።

ዛሬ ጠጅቱን ጠየቅኳት። "ቧንቧውን የነካው አለ እንዴ?"

"ተቀየረ እንጂ። ከሥር ያፈስ ነበር አይደል? ግቢው ተዋጥቶ ከአስፋልቱ እስከዚህ ድረስ አዲስ ፕላስቲክ ቀበርን። ነግሬህ ነበር እኮ፣ መርፌ ተወግተህ ስለነበር ይሆናል ያልሰማኸኝ።"

ፕላስቲክ።

ከመሬት በላይ ያለው ብረት ብቻውን ቀርቷል። ሽቦዬ አሁንም እዚያው ታስራለች። ማሽኑ ያፈሰሰውን ሁሉ ለቧንቧው ትሰጣለች፤ ቧንቧው ደግሞ ለነካው ሰው።

ሰኔ 9

ቴስተሬን ለጠጅቱ ሰጠኋት። ጫማ አድርጊ፣ ጫፉን ቧንቧው ላይ፣ ጣትሽን ከኋላው ላይ። እኔ በመስኮት። ከግድግዳው ወዲያ ብየዳው ሲንጫጫ የቴስተሩ መብራት ቀላ። ዝም ሲል ጠፋ። ሲንጫጫ ቀላ።

"አየህ፣ ያምራል" አለች።

ሽቦዋን ቧንቧው ላይ የያዘቻት አንዲት ብሎን ናት። ከአልጋዬ እስከዚያ አሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ብሎኗን ብፈታትስ? ሽቦዋ ከተነቀለች አደጋውን የሚወርሰው ማሽኑን የሚነካው በሱፍቃድ ነው። ቧንቧውም የላሜራውን ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው፤ ከላሜራው መቀበሉ አይቀርም። ወይ እሱ፣ ወይ ሴቶቹ፣ ወይ ሁሉም። መዳኛው ዘንግ መቅበር ነው። እስከዚያ ማሽኑ መጥፋት አለበት።

ለጠጅቱ ነገርኳት፦ ቧንቧውን በመዳፍሽ አትያዢው፣ መጀመሪያ በእጅሽ ጀርባ ንኪው። መዳፍ መብራት ሲነካው ይጨብጣል፣ አይለቅም። "እሺ" አለች። እሺ ስትል አውቃታለሁ።

ሰኔ 11

በሱፍቃድ ሙዝ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ከታክሲ አውርዶ በጀርባው አዝሎ እዚህ አልጋ ላይ ያስተኛኝ እሱ ነው። እንደ ልጄ ነው። ስለዚህ አልጮህኩበትም። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት።

"ጋሽ ገረሱ፣ ማሽኑ ግን ሥራውን እየሠራ ነው።"

"ሥራውንማ ይሠራል። አጥፋው ነው የምልህ።"

"የሰው በር ይዣለሁ እኮ፣ አራት በር…"

ሁለት ነገር ለመንኩት። አንድ፣ የኧርዝ ዘንግ። ሁለት፣ ሊኬጅ ብሬከር፤ መብራት ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጥ። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ደግሞ፣ "ሰፈሩ ሊነሳ ነው እየተባለ፣ ለሚፈርስ ግቢ…"

"እስኪፈርስ ሰው ይኖርበታል" አልኩት።

"እሺ ጋሼ። ነገ።"

ሰኔ 12

ነገ መጣ። እሱ አልመጣም።

ሰኔ 16

እትዬ ወይንሀረግ ልትጠይቀኝ መጣች። ከዚህ ግቢ ከሁላችንም በፊት የገባች፣ ሰባውን ያለፈች፣ ሰውን ሁሉ በስሙ ብቻ የምትጠራ ሴት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ።

"ይኸው ገረሱ፣ ተከፈቱልኝ።"

"ምኑ?"

"ጣቶቼ ናቸዋ። ቁርጥማቱ ለቀቀኝ። ጠዋት ጠዋት ቧንቧዋን ጨበጥ አድርጌ እቆማለሁ፣ ውርር ታደርገኛለች፣ ቀኑን ሙሉ ደህና ነኝ።"

ጠጅቱ ሳቋን ማቆም አቃታት። እኔ ላቤ መጣ። እትዬ፣ ይገድላል አልኳት። እስከ ዛሬ መች ገደለኝ አለች። ዛሬ ውርር ያደረገ ነገ ይይዛል፣ እግርሽ እርጥብ ከሆነ፣ ማሽኑ ከባሰበት… "አንተ አምፖል ጥሎህ መብራት ሁሉ ጠላትህ ሆነ" አለችኝ። ጥላኝ ወጣች።

ከሰዓት ደግሞ ነጅማ፣ ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ፣ ከተክለ ሃይማኖት አንዲት ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ይዛ መጣች። ቧንቧዋን ልታስጨብጣት። በመስኮት ስጮህ ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝና ሰላምታ ሰጡኝ።

ሰኔ 21

በሱፍቃድ ሊኬጅ ብሬከሩን ገዝቶ ሰቀለ። አመጣና አሳየኝ ከመስቀሉ በፊት። ደህና ዕቃ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው። ዛሬ ትንሽ ተኛሁ።

ሰኔ 24

ብሬከሩን አውጥቶታል።

"እየጣለ አላሠራን አለ ጋሼ። ማሽኑን በነካን ቁጥር ቷ። በቀጥታ አሳለፍነው።"

"የሚጥለው እኮ መብራት እያፈሰሰ ስለሆነ ነው። እየነገረህ ነው።"

"እሱስ ልክ ነዎት። ግን ሥራ አስፈታን።"

እሱስ ልክ ነዎት። ልክ መሆኔን አምኖ ነው ያወጣው።

ሐምሌ 2

ጠጅቱ ገበያ እንደሄደች የሆስፒታሉን ክራንች ይዤ ተነሳሁ። አሥራ ሁለት እርምጃ። ሦስተኛው ላይ፣ ደጃፉ ላይ፣ ራሴን አዞረኝ። በዝናብ ነጅማና እትዬ ወይንሀረግ ተሸክመው መለሱኝ። ለእነሱ ብዬ ወጥቼ እነሱ ተሸከሙኝ። ጠጅቱ ክራንቹን ደበቀችው። ደግ አደረገች።

ሐምሌ 6

ቀኑን ሙሉ በመስኮት "ጫማ… ጫማ አድርጊ… በእጅሽ ጀርባ…"። ዛሬ ሰማኋቸው፣ ስም አውጥተውልኛል። ትራፊኩ። "ትራፊኩ ተኝቷል፣ ቶሎ ቶሎ ቅጂ።"

ሐምሌ 13

ዝናብ። ቧንቧው ሥር ኩሬ ሠርቷል። ሁሉም እግሩን ኩሬው ውስጥ ከቶ ይቀዳል። ማየት ስላልቻልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዋልኩ። ፊቴን ሳዞር ደግሞ ባሰብኝ፤ የባልዲ ድምፅ ሲቋረጥ ልቤ ይቆማል።

ሐምሌ 19

ነጅማን ጣላት። ሳፋዋ በአንድ በኩል፣ እሷ በአንድ በኩል። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ድረስ ደንዝዞ ማታ ድረስ ማንሳት አልቻለችም። በሱፍቃድ ድምፁን ሰምቶ ሮጦ መጣ። አመድ መስሏል። እዚያው ቆሞ ወደ መስኮቴ አየ። ምን እንደምል ያውቀዋል።

ማሽኑ ከሰዓት አልጮኸም።

ሐምሌ 21

ዘንጉን ከመርካቶ አመጣው። በእጄ ያዝኩት። አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ውስጡ ብረት፣ ላዩ መዳብ የለበሰ፣ ያብለጨልጫል። ከበድ ይላል። ዘንግ መያዝ እንዴት ናፍቆኛል። ሙሉውን ነው የምታስገባው አልኩት፣ ጫፉ አራት ጣት ቢተርፍ ነው። ድንጋይ ከገጠመህ ንቀለውና ሌላ ቦታ ሞክር። አንዱን ሽቦ ከማሽኑ፣ ሁለተኛውን ከቧንቧው ወደ ዘንጉ፣ ማሰሪያውን አጥብቀህ።

"እሺ ጋሼ" አለ። ዛሬ እሺታው ሌላ ነው። ፈርቷል።

ሐምሌ 22

ቀበረው። ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ አላየሁትም፣ ግን መዶሻውን ሰማሁ። ቆጠርኩ፣ ሰባ ስድስት ምት። ከዚያ ዝምታ፣ ግራይንደሩ ጥቂት ጮኸ፣ ከዚያ እንደገና ዝም። በመስኮት ተጣራሁ።

"ገባ?"

"ገባ ጋሼ።"

"ሙሉው?"

"ጫፉ ብቻ ነው የቀረው።"

አልጋዬ ላይ ተኝቼ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን። ጠጅቱ አመመህ ወይ ስትለኝ አዎ አልኳት።

ነሐሴ 1

አሥር ቀን ሙሉ ጠጅቱ በቴስተሩ ለካችልኝ። ጠዋት፣ ቀን፣ ከሰዓት፣ ማሽኑ እየጮኸ። አልበራም። አንድም ጊዜ።

ዛሬ ወረፋው ሞልቶ ሳለ በመስኮት ብቅ ብዬ ነገርኳቸው። ቧንቧው ደህና ነው አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ እንደፈለጋችሁ ያዙት፣ በእኔ ይሁንባችሁ። ነጅማ "ትራፊኩ አረንጓዴ አበራ" አለች፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙኝ።

እትዬ ወይንሀረግ ብቻ ናት የከፋት። ቧንቧዋን ጨብጣ ጠበቀች፣ ጠበቀች… "መድኃኒቴን አጠፋህብኝ" አለችኝ።

ነሐሴ 28

ዛሬ ደስ ብሎኛል። በሱፍቃድ ከዘራ ሠርቶ አመጣልኝ። የብረት፣ መያዣው በደንብ የታጠፈ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው። አፍሮ ነው የሰጠኝ፣ ዓይኔን አያየኝም።

"ከምን ሠራኸው?"

"ከትርፍ ብረት ነው ጋሼ። እርስዎ ሲነሱ ይሆንዎታል ብዬ።"

ከበድ ይላል። ግን ጠንካራ ነው፣ እኔን የሚያክል ሰው ይሸከማል። ጉንጩን ሳምኩት። ጠጅቱ "ልጅ ቢኖረን ከዚህ የተሻለ አያደርግልህም" አለች።

መስከረም 4

በከዘራዬ እስከ በሩ። ተመልሼ። ላብ በላብ ሆንኩ። ነገ ደግሞ።

መስከረም 21

ሽንት ቤት በራሴ እግር ደርሼ መጣሁ። ሰው ይህን ደብተር ቢያገኘው ይስቃል። ይሳቅ። የግቢው ድንጋይ የከዘራዬን ጎማ በላው፤ በብረቱ ጫፍ ቀጭ ቀጭ እያልኩ ነው የምሄደው፣ ከሩቅ ያውቁኛል።

ጥቅምት 5

ዝናቡ ከቆመ ቆየ። ግቢው ደርቆ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቴስተሩን ጠጅቱ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ኮንዶሚኒየሙ ጋ አንድ ሥራ አለ ብለውኝ ነበር፣ መሰላል የሌለው ከሆነ እሠራለሁ አልኩ።

ጥቅምት 14

ነጅማ ስታልፍ ቆም ብላ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ውርር ያለኝ መሰለኝ" አለችኝ።

ሐምሌ ላይ ስለጣላት ነው፣ ፍርሃቱ እጇ ላይ ቀርቷል። እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እኔም ሥራ ስጀምር አንዴ ይዞኝ ወር ሙሉ ማንኪያ ሲነዝረኝ ነበር።

"በሐሳብሽ ነው። በእኔ ይሁንብሽ" አልኳት።

"እርስዎ ካሉ" አለች።

ጥቅምት 17

እትዬ ወይንሀረግ አረፈች።

ጥቅምት 19

መጻፍ አለብኝ። ሌላ የምነግረው የለም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ከዘራዬ ጭኔ ላይ። እትዬ ወይንሀረግ ባዶ እግሯን መጣች። ቧንቧው ሥር እርጥቧ ድንጋይ ላይ ቆመች። ቧንቧውን በመዳፏ ጨበጠች። ቆየች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፣ አይታየኝም። ክረምት ላይ ለቁርጥማቷ እንደምታደርገው ጨብጣ ቆማ… ይቺ ሴትዮ ዛሬም አልተወችም ብዬ ሳቅኩ። ሳቅኩ። ከግድግዳው ወዲያ ብየዳው ይንጫጫል። ብየዳው ዝም አለ። ያኔ ወደቀች።

ምን ያህል ቆየች? አንድ ሳቅ ለመሳቅ ያህል። አንድ የብየዳ ኤሌክትሮድ ነድዶ ለማለቅ ያህል። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

ክሊኒክ አድርሰዋት ልቧ ነው ብለው ጻፉ። ግፊት ነበረባት፣ ሁሉም ያውቃል። ዕድሜዋ ነው፣ ሁሉም ያውቃል። ለቅሶ ላይ እኔ እንዲህ ነው ያየሁት ስላቸው፣ "ጋሽ ገረሱ፣ ቴስተሩ አይበራም ያሉት እርስዎ አይደሉም?" አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም። ሊያጽናኑኝ ነው።

ቴስተሩን ከመሳቢያ አወጣሁት። ለካሁ። አልበራም። እንዴት ይበራል? ብየዳ ቤቱ ለሐዘኑ ተዘግቷል፣ ድንኳኑ የቆመው ግቢው ውስጥ ነው።

ጥቅምት 23

ብየዳ ቤቱ ተከፈተ። ማሽኑ እስኪጮህ ጠብቄ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ቴስተሩን አስነካሁት።

ቀይ።

ዘንጉ ገብቶ፣ ሽቦው ታስሮ፣ አሥር ቀን ተለክቶ… እንዴት? ማሰሪያው ላልቶ ይሆን? እያሰብኩ አንገቴን ደፋሁ። የከዘራዬ ጫፍ እርጥቧ ድንጋይ ላይ ነው። ጎማው ካለቀ ወዲህ ቀለሙ ተፍቋል። ከቀለሙ ሥር ያብለጨልጫል። ብረት አይደለም የሚያብለጨልጨው። መዳብ ነው።

ዘጠና ሳንቲሜትር። ከመያዣው እስከ ጫፉ ለካሁት፣ እስኪጨልም ደጋግሜ ለካሁት። አንድ ሜትር ከሃምሳ ሲቀነስ ዘጠና። መሬት ውስጥ የገባው ስድሳ ነው። ክረምት ላይ ስድሳም ይበቃዋል፣ አፈሩ ከላይ እስከ ታች ውሃ ነው። ለዚህ ነው ያልበራው። ጥቅምት ሲገባ ላይኛው አፈር ይደርቃል፣ እርጥበቱ ወደ ታች ይወርዳል። ዘንግ ረጅም የሚደረገው ለምን ሆነና።

ሰባ ስድስት ምት። ከዚያ ብረት የሚቆርጠው ግራይንደር። ሰምቼዋለሁ። በደብተሬ ጽፌዋለሁ። ከበድ ይላል ብዬም ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ አንዴ ለዘንጉ፣ አንዴ ለከዘራው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዘንግ የያዘ እጅ ሁለት ወር ሙሉ ጨብጦት አላወቀውም።

ጥቅምት 24

ከዘራውን የበሱፍቃድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጫፉን አየ። ጭምብሉን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ግማሽ ሳይደርስ ድንጋይ ገጠመኝ ጋሼ። ንቀለው ብለውኝ ነበር… ብነቅለው ብነቅለው እምቢ አለኝ። እርስዎ ደግሞ በመስኮት ገባ ወይ፣ ገባ ወይ። ገባ አልኩ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው። ከዚያ ጠጅቱ ለካች፣ አልበራም። እርስዎ ራስዎ ደህና ነው አሉ። ደህና ነው ካሉማ…"

"ከዘራውስ?"

"መጣል አላስቻለኝም። ደህና ዕቃ ነው። እርስዎ ደግሞ ሊነሱ ነው።"

አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ልመታው ፈልጌ ነበር፣ የምመታበት እሱ የሠራልኝ ከዘራ ነው። አቀፍኩት። ምን ላደርግ? ድንጋይ ገጠመኝ ማለት ያፈረው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ቀድሞ ነገር ሽቦዋን ቧንቧ ላይ ማን አሰራት?

ጥቅምት 25

አብረን ሄደን ለልጇ ነገርናት። የሺሀረግ ትባላለች፣ ለለቅሶው የመጣች፣ እንደ እናቷ አጭር። ሁሉንም። ሽቦውን፣ ፕላስቲኩን፣ ዘንጉን፣ እኔ ተቀምጬ ስስቅ። ጣቢያ እንሂድ ካልሽም እንሄዳለን አልናት። ሳታቋርጥ ሰማችን።

"አሁን ይህን ነግራችሁኝ ምን ላድርገው?" አለች።

ከበሩ ተመለስን።

ጥቅምት 27

ከዘራውን በእሳት አቃንቶ እንደገና ዘንግ አደረገው። የልብስ ማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት ቦታ፣ በጋም ክረምትም የማይደርቀው ጋ አስቆፈርኩት። እርጥበት እንዲይዝ ጨውና ከሰል አስገባሁ። አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ በዓይኔ እያየሁ መታው። ገባ። ሁሉም ገባ። ከፊተኛው ጋር በሽቦ አገናኘነው። ብሬከሩም ተመለሰ። ማሽኑ እንደተነሳ ቷ ብሎ ጣለ። "ይጣል" አለ በሱፍቃድ። ማሽኑን ሽቦው እንደ አዲስ እንዲጠመጠም ወሰደው። በሮቹን ለሌላ ሰው ሰጠ።

ሁሉ ነገር አንድ ቀን ነው የፈጀው። አንድ ቀን ነበር የሚፈጀው።

ኅዳር 12

ማሽኑ ተጠምጥሞ ከተመለሰ ሳምንት ሆነው። ብሬከሩ አልጣለም። ቴስተሩ ጠዋት አይበራም፣ ቀን አይበራም። ወረቀት ላይ ብጽፈው ሁሉም ደህና ነው።

ቧንቧው ጋ ግን ወረፋው ቆሞ የሚከፍት የለም። ሰኔ ላይ ስለምናቸው የሳቁብኝ ሴቶች ናቸው፣ ነጅማ ከፊት። "ጋሽ ገረሱ፣ እንክፈት?" ይሉኛል። በየቀኑ። አሁን ያለ እኔ ቃል ጀሪካን አይሞላም። እኔ ደግሞ ቃሉ አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። በእኔ ይሁንባችሁ ማለት አልችልም። ደህና ነው ማለትም አልቻልኩም። አትክፈቱ ብላቸው ደግሞ ሌላ ቧንቧ የላቸውም።

ስለዚህ ግድግዳውን ይዤ እወጣለሁ፣ ከዘራ የለኝም። በሱፍቃድን ማሽኑን አስነሳ እለዋለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ። እርጥቧ ድንጋይ ላይ ቆሜ ቧንቧውን እይዛለሁ። በእጄ ጀርባ አይደለም፣ በመዳፌ። አንድ ኤሌክትሮድ እስኪያልቅ አልለቅም። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ያዩኛል። ከዚያ ይቀዳሉ።

ዛሬ ጠጅቱ ጫማዬን እያጠለቀችልኝ፣ "እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆነው?" አለችኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጠሩኛል።